ከበረዶው የወጣው ብልቃጥ

የኮሌራ ባክቴሪያ የምታጠናዋ ሴት ጣቶቿ በክሎሪን ብዛት ተሰነጣጥቀዋል። ሰላም ለሚላት የምትዘረጋው የእጇን አንጓ ነው፤ ምሳዋንም ሁልጊዜ ብቻዋን ትበላለች።

አንድ ቀን ባልደረባዋ፣ «እትዬ፣ ከበሽተኞች የተወሰዱትን ሌሎቹን ባክቴሪያዎች ሁሉ አራብተን የትኛው ዘረ መላቸው እንደሚሠራ፣ የትኛው እንደተለወጠ አየን። ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውን ይህን አንዱን ብልቃጥ ምነው እንደ ጨቅላ አቀፍሽው?» አላት።

«በተራባ ቁጥር ይለወጣላ።»

«ለውጡን አይደል እንዴ የምናጠናው?»

ባክቴሪያው የተገኘው ከታናሽ ወንድሟ ነው፤ ወንድሟን የገደለውም ይኸው ነው። ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም። ከወንድሟ የቀራት ሕያው ነገር ደግሞ ይኸው ብቻ ነው።

ብልቃጡን ከማቀዝቀዣው አውጥታ በረዶውን በጓንቷ ጠረገችለትና ለባልደረባዋ ሰጠችው።

«በል ውሰደው» አለች። «ወንድሜም ቤት መዋል አይሆንለትም ነበር።»