ግድግዳ የሌለው ሴል

አብረን የሠራነው የመጨረሻው ተራ ነገር ሰላጣ ማጠብ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ከታክሲ መውረጃው አጠገብ ከምትሸጥ ሴት አንድ እቅፍ ሰላጣ ገዝቶ ገባ። ፀሐይ የመታው፣ ቅጠሉ እንደ እርጥብ ጨርቅ የሚንጠለጠል ሰላጣ ነበር።

«ይሄ እኮ ሞቷል» አልኩት።

«ለዚህ ነዋ ለቲቸር ያመጣሁት። ታስነሺዋለሽ።»

ከተጋባን ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ ቲቸር ነው የሚለኝ። ዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ሳፋ ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ሞልቼ ቅጠሉን ነከርኩትና እሱ ዱካ ስቦ ሳፋው አጠገብ ተቀመጠ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ቅጠሉ ቀጥ አለ። አንዱን ሰበር አድርጎ ጆሮው ጋ ሲያስጠጋው ቀጭ አለ፤ ሳቀ።

ይህን ነገር ሃያ ስድስት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስዬዋለሁ። የሴል ሽፋን ውሃን ያሳልፋል፣ ጨውን ይከለክላል፤ ውሃውም ጨው ወደበዛበት ይሄዳል። የቅጠል ሴል ውሃ ሲገባበት ያብጥና ግድግዳው ጋ ሲደርስ ይቆማል። አጠገቡ ሁልጊዜ ሁለተኛ ሥዕል አለ፤ የእንስሳ ሴል፣ ግድግዳ የሌለው። «ይህኛውን ንጹህ ውሃ ውስጥ ብትከቱት ያብጣል፣ ያብጣል...» እልና ዝም እላለሁ። ተማሪዎቹ «ይፈነዳል!» ብለው ዴስክ ይደበድባሉ። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ።

ሰላጣውን በሎሚ በላነው። ጨው አልነበረበትም። ከቤታችን ጨው ከወጣ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖት ነበር።

ለምን እንደወጣ ልናገር። ባለቤቴ ከየካ አባዶ መገናኛ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። ሹፌር ውሃ አይጠጣም፤ ጠጥቶ የት ይቆማል? ጠዋት አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ ከዚያ እስከ ማታ ምንም። በዚህ ምክንያት ኩላሊቱ ጠጠር ያዘ። አንድ ሐኪም በቀን ሦስት ሊትር ውሃ ጠጣ አለው። ቆይቶ ግፊት ተገኘበትና ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሐኪም፣ የሚያሸና ክኒን አዘዘለት። ግፊቱን የምትለካው የጤና ጣቢያ ነርስ ደግሞ ጨው አቁሙ አለችን። ሦስቱም ምክር ትክክል ነበር። ሦስቱን አንድ ሰው ላይ የደመረ ግን አልነበረም። መደመር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

መኪናውን ሸጦ ቤት ከዋለ በኋላ ውሃውን በሥራ መልክ ያዘው። ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ በማርከር አራት መስመር አሰመርኩለት፤ እስከ ዙህር ሶላት እዚህ፣ እስከ አስር ሶላት እዚህ እያልኩ። መስመሩ ላይ ሲደርስ «ጎበዝ» እለው ነበር፣ ለተማሪ እንደምለው።

ሰላጣውን ባጠብንበት ሳምንት ራስ ምታት ጀምሮት ነበር። ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ ይይዛል። እኛ ያለነው ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ ሁሉም ሰው የሚይዘው መስሎኝ ነበር። «ደከመኝ» ሲለኝ «ውሃ ጠጣ» አልኩት። ከሁሉም የምፈራው ይህን ቃል ማስታወስ ነው።

እሁድ ዙህርን ሰግዶ ሲጨርስ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ ዞሮ አየኝ።

«ስንት ረከዓ ሰገድኩ?»

አላየሁህም፣ ዙሩን አልቆጠርኩም አልኩት። እንደገና ተነሥቶ ሰገደ። ሲጨርስ እንደገና ጠየቀኝ። ሦስተኛ ጊዜም ተነሣ። ይህ ሰው ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ሶላት ላይ ተሳስቶ አይቼው አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ጃኬቱን ለብሶ፣ የቤቱን ቁልፍ በእጁ እያሽከረከረ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። «ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደርሷል፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው» አለኝ። መኪናው ከተሸጠ ሁለት ዓመት አልፎታል። ድምፁ ግን ጤነኛ ነበር፤ ያስፈራኝም ይሄ ነው። እጁን ይዤ «እኔንም ጣል አድርገኝ» አልኩትና በጎረቤት መኪና ቦሌ ወዳለ ሆስፒታል ወሰድኩት። መንገዱን ሁሉ ጎረቤታችንን ማርሽ ቀይር፣ በዚህ ግባ እያለ ያዝዘው ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት። «ፋዘር፣ ዛሬ ምን ቀን ነው?» አለችው።

«ሰልፍ የበዛበት ቀን።»

ነርሷ ሳቀች። ሐኪሟ አልሳቀችም። የደሙ ውጤት ሲመጣ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው፤ ሶዲየም መቶ ዘጠኝ። ቢያንስ መቶ ሠላሳ አምስት መሆን ነበረበት።

«ማዘር፣ ደማቸው ውስጥ ያለው ጨው በጣም ወርዷል። ስለዚህ ውሃው ወደ አንጎል ሴሎች...»

«ይገባል» አልኳት። «ያብጣሉ።»

«ሐኪም ነዎት እንዴ?»

«አስተማሪ ነኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ያን ጊዜ የምትለኝን ሁሉ ቀድሜ አወቅሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሳልኩት ሥዕል አልጋው ላይ ተኝቶ ነበር። የአንጎል ሴል ግድግዳ የለውም፤ ከውጭ ያለው የራስ ቅል ነው፣ አጥንት ደግሞ አይለጠጥም።

«ታዲያ ጨዉን ባንዴ አትሰጡትም?» አልኩ።

«ባንዴ ከሰጠናቸው ውሃው ባንዴ ይወጣል። ሴሎቹ ይኮማተራሉ፣ ይጎዳሉ። ከዚያ መናገርም መዋጥም ሊያቅታቸው ይችላል። ቀስ እያልን ነው የምናስተካክለው።»

ከዚያ ወዲያ የምፈራው ሁለት ሆነ፤ ማበጡም መኮማተሩም። በክንዱ ጨዋማ ፈሳሽ በጠብታ ይገባለታል፤ በአፉ የሚወስደው ግን በቀን ከግማሽ ሊትር እንዳያልፍ ታዘዘ። ከቤት ባመጣሁት ሲኒ ስለካው ሰባት ሲኒ ሆነ። ሲኒዋን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ማክሰኞ ቁጥሩ መቶ አስራ ሁለት ደረሰ፤ እሱም ቀኑን በትክክል ተናገረ። አልሐምዱሊላህ ብዬ በመዳፌ ፊቴን አበስኩ። አእምሮው ሲመለስ ግን ጥሙም አብሮ መጣ። አጠገቡ የተኛው ሰውዬ ኮመዲኖ ላይ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ነበር።

«የጎረቤቴን ውሃ ማየትም ተከልክሏል?» አለኝ።

«ወደ መስኮቱ ዙር።»

«ሃያ አራት ዓመት ከወህኒ ቤት ዘበኛ ጋር መኖሬን አሁን ገና አወቅሁ።»

ለሶላት ውዱእ ላድርግ ሲለኝ አፉን ሲጉመጠመጥ እንዳይውጥ ፈራሁና በተየሙም ስገድ፣ እጅህን ግድግዳው ላይ አሳርፈህ ፊትህን አብስ አልኩት።

«ውሃ እያለ ተየሙም የለም።»

«ለበሽተኛ አለ።»

«ደግሞ ሙፍቲ ሆንሽ?» አለኝ፤ ግን እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋ። ተማሪ ኮፒ እንዳያደርግ እንደምቆመው አጠገቡ ቆሜ ጉሮሮውን አያለሁ።

ረቡዕ ቁጥሩ ወደ መቶ አስር ተመለሰ። ሐኪሟ ለምን እንደሆነ ገና አላወቅንም አለችኝ። ከሰዓት በኋላ ታላቅ እህቱ ከደሴ ደረሱ። እናቱ ሞታበት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ከጉያቸው መዳፍ የምታህል ጠርሙስ አወጡ። ሐጅ ሄደው ከመካው ጉድጓድ ያመጡት ዘምዘም ነበር፤ ለራሳቸው የመጨረሻ ቀን ያስቀመጡት። ሰባቱን ሲኒ ግን ባለቤቴ ጨርሷል።

«እቴቴ፣ የዛሬው አልቋል» አልኳቸው።

«ምኑ ነው ያለቀው? ይሄ መድኃኒት ነው እንጂ።»

«ውሃ ነው፣ እቴቴ።»

ይህን መናገሬ ዛሬም ያስፈራኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ለተጠማ ውሻ እንኳ ውሃ ይሰጣል! ወንድሜ ከንፈሩ ተሰንጥቆ እያየሽ?»

ሥዕሉን ልነግራቸው ሞከርኩ፤ ሽፋኑን፣ ጨዉን፣ እብጠቱን። ጠርሙሷን ደረታቸው ላይ ይዘው ሰሙኝ። እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ሁለታችንንም ያያል።

«ቲቸር» አለኝ፤ አሁን አልቀለደም። «አንድ ጉንጭ ብቻ። ከዚያ አልጠይቅሽም።»

«ነገ ጠዋት» አልኩት። «የነገው የመጀመሪያ ሲኒ ከዘምዘሙ ይሆናል።»

ዓይኑን ጨፈነ። እቴቴ ጠርሙሷን መልሰው ጉያቸው ውስጥ ከተቷት።

ሐሙስ ጠዋት ነርሷ ደም ቀድታ እንደወጣች ሲኒዋን አጥቤ ይዤ ገባሁ። እቴቴ የጠርሙሱን ክዳን ሲከፍቱ ግራ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዚያ መላ ሰውነቱን ያዘው። ሰዎች ሮጠው ገቡ፣ እኛን አስወጡን። ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወሰዱት። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ዓርብ ረፋድ እቴቴ ጥጥ በዘምዘም ነክረው ከንፈሩን ሲያብሱለት አየሁ፤ አልከለከልኩም። ከእኩለ ቀን በፊት ሞተ። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ሐኪሟን ኮሪደሩ ላይ አገኘኋትና አንድ ጥያቄ ጠየቅኋት። «ረቡዕ አንድ ሲኒ ብሰጠው ኖሮ ለውጥ ያመጣ ነበር?»

«አንድ ሲኒ... አይመስለኝም ማዘር። ግን እኔም ብሆን አልሰጥም ነበር።»

ሁለቱንም መልስ ይዤ ወጣሁ። መጀመሪያ ላይ የሚያጽናናኝ ሁለተኛው ነበር። አሁን የሚመጣብኝ የመጀመሪያው ነው። ያቺ ሲኒ የማታድነውም የማትገድለውም ከነበረች፣ ተጠምቶ የሞተው ለምንድነው?

ለቅሶ ላይ የፈራሁት አልቀረም። ድንኳኑ ውስጥ አንዲት የሩቅ ዘመዱ ሁሉም እየሰማ «ለመሆኑ ውሃ ቀምሶ ነው የሞተው?» አለች። ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ እቴቴ። «ዘምዘም ነው የጠጣው። በሚስቱ እጅ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ወደ እኔ አልዞሩም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ዱዓቸውን ቀጠሉ። ደሴ እስኪመለሱም ስለዚህ ነገር አላነሡብኝም፣ እኔም አላነሣሁም።

ዒዳዬን፣ የባል ሐዘን አራት ወር ከአስር ቀን፣ ቤት ተቀምጬ ጨረስኩ። ይህን መጻፍ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ አንዳንድ ቀን አንድ ዐረፍተ ነገር፣ አንዳንድ ቀን ምንም። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሲመጣ በርሜሉ ውስጥ የሚያሰማው ድምፅ ያስደነግጠኛል። ራሴን ሲያመኝ ቀኑን ለራሴ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ስሰግድ ረከዓ እንዳይጠፋብኝ እፈራለሁ፤ ከመፍራቴ የተነሣም ይጠፋብኛል።

ወደ ማስተማሩ ከተመለስኩ አንድ ሴሚስተር ሆነኝ። እኔም ግፊት ተገኝቶብኝ ክኒን ጀምሬያለሁ። ሐኪሙ የእኔ ክኒን ባለቤቴ ይወስደው ከነበረው የተለየ ዓይነት ነው ብሎኛል፤ አምነዋለሁ፣ ግን አልተረጋጋሁም። አሁን በወር አንድ ቀን ጠዋት ሄጄ ለሶዲየም ምርመራ ደም እሰጣለሁ፤ ውጤቱ እስኪወጣም አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እጠብቃለሁ።