ልጅቷን የተሸከመው ማን ነበር?

የወሰዱኝ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ ነው። ደወል ተደውሎ ወደ ክፍል ስሄድ ሁለት ፖሊሶች ጠበቁኝ፤ አንደኛው ቦርሳዬን ተቀበለኝና «ለትንሽ ጥያቄ ነው» አለኝ። ስለታሰሩ ተማሪዎች የከተማው ስብሰባ ላይ ጠይቄ ነበር። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ።

ሮቤ ፖሊስ ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። ሽታው ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ዓይን ያቃጥላል። ከሪራ መንደር የመጡ አንዲት ማር ሻጭ እናት ቀድመውኝ ገብተዋል፤ የተያዙት ልጃቸው የት እንደገባ ይናገሩ ተብለው ነው። የተቀመጡበትን ነጠላ ግማሹን ለቀቁልኝና «ሲሚንቶው ይበርዳል፤ ነይ። አብሽሪ» አሉኝ።

ስለ ፍርድ ቤት ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን የማስበው ጠረጴዛዬ ላይ ስለቀረው ወረቀት ነበር። ሁለተኛው ልብ ወለዴ ለመጨረሻ እርማት ከማተሚያ ቤት በአውቶቡስ ተልኮልኛል። እስከ ዓርብ ካልተመለሰ ተራዬ ለሌላ ይሰጣል። አምስት ዓመት የፈጀብኝ መጽሐፍ ነው፤ ወጥ እያማሰልኩ፣ በፈተና እርማት መሃል፣ ልጄ እግሬ ላይ ተቀምጣ የጻፍኩት።

ሐሙስ ጠዋት ባለቤቴ መጣ። የኮምባይነር መካኒክ ነው። አጨዳ ስለነበር በቀጥታ ከስንዴ ማሳ ነው የመጣው፤ ጸጉሩ ላይ ገለባ አለ። ምሳ ዕቃውን ለፖሊሱ ሰጠ። ብብቱ ስር ግን የወረቀት ጥቅል ይዟል።

«ወረቀት አይገባም» አለ ፖሊሱ።

«አይግባ። እኔ እጠይቃታለሁ፤ የምትለኝን እዚሁ ውጭ እጽፋለሁ።»

ፖሊሱ ሰዓቱን አየ። «አስር ደቂቃ።»

ባለቤቴ የመጀመሪያውን መጽሐፌን ሽፋኑን አይቶ ነበር ያስቀመጠው። አሁን ግን «ሁሉንም አነበብኩት» አለኝ። በበሩ ፍርግርግ በኩል እያየኝ ይጠይቀኝ ጀመር። «ጸጉር» በጸሎቱ ጸ ነው ወይስ በፀሐዩ ፀ? እዚህ አራት ነጥብ ቀርቷል፤ ልጨምር? እመልስለታለሁ፤ ይጽፋል። ገጽ መቶ አስራ ሁለት ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

ልጃችን የሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ትኩሳት ጥሏት ነበር። መንገድ ተዘግቶ መኪና ስለጠፋ አባቷ ከሮቤ ጎባ ሆስፒታል ድረስ በጀርባው አዝሎ ወሰዳት። እኔ ያን ቀን አዲስ አበባ ነበርኩ፤ የመጀመሪያው መጽሐፌ እየተመረቀ። ልብ ወለዱ ላይ ግን ልጅቷን የምታዝለው እናትየው ናት። አባትየው ቤት የለም።

«ልጅቷን የተሸከመው ማን ነበር?» አለኝ። ድምፁን አላነሳም።

ፖሊሱ ወደ እኛ ዞረ። የሪራዋ እናት ከኋላዬ ቆመዋል።

«አንተ ነህ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ካንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው።»

«አንተ ነህ የተሸከምካት። እኔ አልነበርኩም። አፍሬ ነው የገለበጥኩት።»

«ታዲያ ምን ልጻፍ?» አለኝ።

«‹እናትየው›ን ሰርዝና ‹አባትየው› በል። ግሡም ይቀየራል፤ ‹አዘለች› የሚለውን ሁሉ ‹አዘለ› አድርገው። ቤት ያልነበረችውም እናትየው ትሁን።»

ጥቅሉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አንድ በአንድ አረመ። አስር ደቂቃው ካለፈ ቆይቷል፤ ፖሊሱ ሰዓቱን አላየም። በመጨረሻ «ይታተም» ከሚለው ስር ስለ እኔ ፈርሞ ወደ መናኸሪያ ሮጠ።

«ባልሽ ነው?» አሉኝ የሪራዋ እናት።

«አዎ፣ እማማ።»

«ረቢ ያቆይልሽ።»

በታሰርኩ በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግስቱ መርማሪው «ቃልሽ ነው፤ ፈርሚ» ብሎ ወረቀት አቀረበልኝ። ያላልኩት አንድ ዓረፍተ ነገር ገብቶበታል። እሱን ሰርዤ ፈረምኩ። ተቆጣ፤ ሌላ ወረቀት ግን አላመጣም።

በዘጠነኛው ቀን ያለ ክስ ለቀቁኝ። የሪራዋ እናት ቀድመውኝ ወጥተው ነበር፤ ልጃቸው ደሎ መና አጎቱ ቤት በደህና ተገኝቷል።

መጽሐፉ በጊዜው ታተመ። የማዳበሪያ ሽታ ሲሸተኝ ዛሬም መንገድ እቀይራለሁ፤ ያን ሐሙስ ሳስብ ግን ቅልል ይለኛል። ለዓመታት ልለው ያልደፈርኩትን ቤቴ ሆኜ ሳይሆን እዚያ ተናገርኩት። አሁን አንድ ምዕራፍ ስጨርስ መጀመሪያ የሚያነበው ባለቤቴ ነው።

ልጃችን አስራ ሦስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር መጽሐፉን ጨርሳ ወደ ግቢ ወጣች። አባቷ ፓምፕ እየፈታ ነበር።

«አባዬ፣ እውነት እስከ ጎባ አዝለኸኛል?»

ቀና አላለም።

«ከባድ ነበርሽ» አላት።