የዓሣ ኩስ በርሜሎቼ

የዓሣ ኩስ ሸትቷችሁ ያውቃል? ዓሣው አይደለም፣ ኩሱ። የእርባታ ገንዳ ሲታጠብ ከሥሩ የሚወጣው ጥቁር ዝቃጭ፣ ከተረፈ መኖ ጋር ተደባልቆ፣ በድሬ ሙቀት በርሜል ውስጥ ሲብላላ! እኔ እያወቅኩ፣ በገዛ እጄ፣ ሳቢያን ሰፈር በተከራየሁት ግቢ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። እህል አልወርድ ብሎኝ ከሳሁ። ሸሚዜ ይሸታል፣ ትራሴ ይሸታል፤ ባጃጅ ውስጥ ስገባ አጠገቤ ያለው ሰው ሳይደርስ ይወርዳል። ኤጭ!

የማስተምርበት ኮሌጅ ሽታውን አልቻለም፤ እኔን አስቀርቶ በርሜሎቼን ከግቢው አባረረ። ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። ዝቃጩ አንደኛው በርሜል ውስጥ ይኮመጥጣል። ኮምጣጣውን ውሃ ሁለተኛው በርሜል ውስጥ ላሉት ባክቴሪያዎች አበላቸዋለሁ። እነሱም የደለበ ከብት ስብ እንደሚይዘው ሰውነታቸው ውስጥ ፕላስቲክ ያጠራቅማሉ፤ አፈር ውስጥ የሚበሰብስ ፕላስቲክ። ደረቁን የደቻቱ ወንዝ በድልድዩ ስሻገር ያ ሁሉ ፌስታል አሸዋው ላይ ተለጥፎ ፍየል ሲያኝከው ሳይ ያንገሸግሸኛል። ለዚህ ብዬ ነው የገባሁበት። ባክቴሪያዎቹን እዚህ ለማድረስ ወራት ፈጅቶብኛል። ከኢድ በኋላ የምርምሩን ገንዘብ የሚሰጡት ገምጋሚዎች ይመጣሉ፤ መዳፍ የምታህል ፕላስቲክ ካላሳየኋቸው ሥራው ይዘጋል።

አከራዬ ሶማሌ ናት፤ ታይዋን ገበያ ልብስ ትነግዳለች። ኤዶ ነው የምላት፣ አክስቴ እንደማለት። ድሬ ላይ አንቱ የሚባል ነገር የለም። ጠዋት ጠዋት በሻሿ አፍንጫዋን ይዛ፣ «ወሪያ! ይሄን ነጃሳ መቼ ነው የምታወጣልኝ?» ትለኛለች።

«ኤዶ፣ ከኢድ በኋላ።»

«ወላሂ፣ ምግብ አስጠላኸን!»

እውነቷን ነው። እኔንም አስጠልቶኛል።

የኢድ ዋዜማ ከኮሌጅ ስመለስ ግቢው ፏ ብሎ ታጥቧል። እኛ ሰፈር ለበዓል የራስን ደጅ ብቻ አጥቦ መግባት ነውር ነው፤ እስላም ይሁን ክርስቲያን የጎረቤቱም ይታጠባል። የበርሜሎቼ ክዳኖች ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ክው አልኩ።

«ና እስቲ አሽትት!» አለችኝ ኤዶ፣ ፊቷ በርቶ።

ጎንበስ አልኩ። በረኪና! ሁሉንም ቦይ ውስጥ ደፍታ ሁለቱንም በርሜሎች በበረኪና ፈትጋቸዋለች። አንድም ነፍስ ያለው ነገር አልቀረም። ያን ሁሉ ወር የዓሣ ኩስ ችዬ፣ ወደ ላይ ያለኝ በበረኪና ሽታ ነው።

ልጮህባት አፌን ስከፍት እጇን አየሁት። ለኢድ ያሠራችው ሂና እስከ ክርኗ ለቋል፤ ጣቶቿ ተልጠው ቀልተዋል። ለሠላምታ እንኳን የማትጠጋኝ ሴትዮ ክንዷን በርሜሌ ውስጥ ከታለች።

«ሚስት የለህ፣ እናትህ እዚህ የለች፣ ማን ይጠብልህ?» አለችኝ። «ደስ አላለህም እንዴ?»

«ደስ አለኝ ኤዶ፣ እጅሽ ይባረክ» አልኳት፣ ጥርሴን ነክሼ። ከዚያ ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ከበዓሉ በኋላ ገምጋሚዎቹ መሐረብ አፍንጫቸው ላይ ይዘው ገቡ። ባዶዎቹን በርሜሎች አሳየኋቸው፤ የሆነውንም አስረዳኋቸው። «ኧረ ምንም አይሸትም!» ብለው መሐረባቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ ለንጽሕናዬ አመሰገኑኝና ሥራውን ዘግተው ሄዱ።