የቅዳም ሹር ወተት

ሱሉልታ ውስጥ ጾም የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ቅቤ የነካውን ቢላዋ ለይቶ የሚያስቀምጥ፣ ብስኩት ከመግዛቱ በፊት ወተት አለበት ወይ ብሎ ጀርባውን የሚያነብ ሞልቷል። እኔ የምሠራው ወተት መሰብሰቢያ ነው። ገበሬው ጠዋት ያለበውን ያመጣል፣ እኔ መርምሬ እቀበላለሁ፣ መኪና መጥቶ ወደ ፋብሪካ ይወስደዋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ያገኘሁት ሥራ ይኼ ነው፤ ስለ ሰው እምነት ግን ትምህርት ቤት ካስተማረኝ ጀሪካን ያስተማረኝ ይበልጣል።

ሁዳዴን ወተት ፈላጊ የለውም። ያኔ ማንም ውሃ አይጨምርም፣ ለምን ብሎ! ፋሲካ ሲቃረብ ነው የላሞቹ ጡት በተአምር የሚሞላው። ባለፈው ዓመት በሕማማት ሳምንት፣ ውሃ የገባበትን ወተት የምንለይበት የመስታወት መለኪያ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ። ለቢሮ ስናገር «ከበዓል በኋላ ይገዛል» አሉኝ። ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን ዞረ።

ቅዳም ሹር ጠዋት ሰልፉ አስፋልቱ ጋ ደረሰ። የሁሉም ወተት የሚገለበጠው አንድ በርሜል ውስጥ ነው። ሹፌሩ የራሱ መለኪያ አለው፤ ቀጠን ካለበት ሙሉውን ጥሎ ይሄዳል፣ ልመና አይሰማም። ሰልፉ ላይ አንዲት ላም ብቻ ያላት፣ ባሏ የሞተባት ሴትዮ ቆማለች፤ የልጆቿ በዓል ከዚያ ቀን ወተት ነው የሚወጣው። ከፊቷ ደግሞ የሰበካ ጉባኤ አባል የሆኑ ሽማግሌ፣ ሁለት ትልልቅ ጀሪካን ይዘው፣ ራሳቸው ላይ ቄጤማ አስረው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቶሎ በይ፣ ጉልበቴ አልቋል። ትናንት አባ መቶ ስገድ ቢሉኝ ሦስት መቶ ሰገድኩላቸዋ!»

«ለአባ ነው የሰገዱት ወይስ ለእግዚአብሔር?»

ሰልፈኛው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ከጀሪካናቸው ጭልፋ ላይ ትንሽ አፈሰስኩ። ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል።

«ጋሼ፣ ይኼ ቀጥኗል።»

«በምን ለካሽው? በዓይንሽ?» ፈገግ አሉ። «ወይስ ትቀምሽዋለሽ?»

አክፋይ መሆኔን ያውቃሉ፤ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ ውሃ እንኳ በአፌ አልዞረም። የተማመኑት በዚያ ነው። ሰውየው በእኔ ጾም ተከልለው ነው ውሃቸውን ሊሸጡ የመጡት! እሱን ከተቀበልኩ ደግሞ የሰልፉ ሁሉ ወተት አብሮ ሊደፋ ነው።

ጠጣሁት። መትፋት እችል ነበር፤ ተፍቼ ጾሜን አዳንኩ ብዬ ራሴን ላታልል አልፈለግኩም። የቧንቧ ውሃ ነው፣ የክሎሪን ጣዕሙ ሳይቀር አለ።

«ይውሰዱት» አልኩ።

«ኧረ ገደፈች!» አንዷ ጮኸች። «ዋቃዮ! በቅዳም ሹር!»

ሰው ሁሉ አማተበ። ሽማግሌውም አማተቡ፤ እሳቸው እኮ! «እንዲህ ላለች ልጅ ወተቴን አልሰጥም» ብለው ጀሪካኖቻቸውን አንጠልጥለው ሄዱ፤ ጉልበታቸውም አላስቸገራቸውም። ጀሪካኑን ያየ አንድ ሰው የለም። ሁሉም የሚያየው የእኔን አፍ ነው።

ባሏ የሞተባት ሴትዮ ብቻ ጀሪካኗን ገፋ አድርጋ አስጠጋችልኝ።

«የኔንም ቅመሽ» አለች ቀስ ብላ። «አንዴ ገድፈሻል።»

ቀመስኩ። የሌሎቹንም፣ እያጉረመረሙ፣ አንድ በአንድ። ሹፌሩ መጥቶ ለካ፣ ሁሉንም ወሰደ። ያመሰገነኝ ግን የለም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

በፋሲካ ማግስት የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«ወተት ቀመስሽ አሉ?»

«ጠጣሁ፣ አባ።»

«ሃምሳው ቀን ሲያልፍ አርባ ስግደት ትሰግጃለሽ።»

«እሺ፣ ጥፋቴን አልክድም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ወተት ላይ ውሃ ለጨመረ ሰው ስንት ነው?»

መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እንጃ፣ ልጄ» አሉ። «እዚህ አገር ስንት ዓመት ንስሐ ስቀበል፣ ገደፍኩ የሚል እንጂ ውሃ ጨመርኩ የሚል አንድም ሰው መጥቶብኝ አያውቅም።»