የጋሽ በየነ ሳህን በሰመራ መንገድ

አዋሽ፣ ሊነጋ ሲል

አጎቴ ጋሽ በየነ ከሁሉም ቀድመው የሚኒባሱን የፊት ወንበር ይዘዋል። ዕድሜያቸውን በባቡር ጣቢያ ስለጨረሱ ማንኛውም ነገር ጥሏቸው የሚሄድ ይመስላቸዋል። መኪናው ገና ሲነቃነቅ ጭናቸው ላይ ያለው ቦርሳ ቋ! አለ።

“ጋሼ፣ ምን ይዘው ነው?”

“ሳህን።”

“ሳህን?!”

“ኩባያም አለ። ምን ያስገርምሻል?”

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ሰናይት ሰመራ ሄዳ ዓሊ የሚባል የአፋር ልጅ ካገባች ወዲህ፣ ጋሼ ቤቷ እህል ቀምሰው አያውቁም። ለምን ሲባሉ “ሙስሊም ያረደውን አልበላም” ይላሉ። ውሸታቸውን ነው! ሳያማክሩኝ ተጋቡ ብለው አኩርፈው ነው እንጂ። ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ የንስሐ አባታቸው ቁርጡን ነገሯቸው፤ “ይህን ኩርፊያ ሳትጥል ለፋሲካ ልቁረብ ብለህ እንዳትመጣ።” ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ደግሞ ብልጥ ናቸው። “በጾሙ ሂድ፤ ሥጋ የለ፣ ሰበብ የለ” ብለው እኔን አጃቢ አድርገው ላኳቸው። ጋሼም አልተሸነፉም። በእነሱ ዕቃ ላለመብላት የራሳቸውን ሳህን ያዙ።

ገዋኔ፣ ረፋድ

ፀሐይዋ ከአሁኑ ታቃጥላለች። የጅቡቲ ተሳቢዎች ተከታትለው ይመጣሉ፤ ግመሎች አስፋልቱን እንደ ግቢያቸው ያቋርጣሉ። ሾፌራችን ከድር ፍሬን በያዘ ቁጥር ቦርሳው ይንቋቋል።

“ፋዘር፣ ወጥ ቤት ነው እንዴ የጫንኩት?”

“ዝም ብለህ ንዳ!”

መኪናው ሙሉ ሳቀ። ገዋኔ ስንወርድ ሻይ ቤቶቹ ተዘግተዋል፤ ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ተገጣጥመዋል። ከድር ጥላ ሥር ቁጢጥ ብሎ ፊቱን በሻሽ ያራግባል።

“ውሃም አትጠጣም?” አሉት ጋሼ።

“እስከ መግሪብ የለም።”

“በዚህ ሙቀት? እየነዳህ?”

“አላህ ያግራል፣ ፋዘር።”

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። “እኛስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው” አሉኝ ቀስ ብለው፣ ያፈሩ መሰሉ።

ሎጊያ፣ ከቀትር በኋላ

ጎማ፣ ዘይት፣ ጋራዥ፣ የቆሙ ከባድ መኪናዎች። ሰመራ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ጋሼ ክንዴን ያዙ።

“እዚህ አልጋ ይዘን እንደርና ነገ እንመለስ። ራሴን አሞኛል።”

“ሳህኑ ነው ያመመዎት።”

“አፍሽን ያዢ!” ቆጣ አሉና ወዲያው ድምፃቸው ወረደ። “በሩን ብትዘጋብኝስ?”

ቀልዴን ሁሉ ዋጥኩት።

ሰመራ፣ ዘጠኝ ሰዓት

በሩ አልተዘጋም። ሰናይት አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ዓሊ ጎንበስ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ። ወዲያው ሽሮ፣ የምስር ሳንቡሳና የአጃ ሾርባ ቀረበ። ዘይት እንጂ ቅቤ የነካው ነገር የለም።

“አባባ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሞልቷል። ይቅመሱ” አለች ሰናይት።

ዓሊ ሊያጫውታቸው አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ከንፈሩ ደርቋል። ጋሼ ምግቡን አዩ፣ እሱን አዩ፣ ቦርሳቸውን አዩ። በቃ፣ ሳህኑ ሊወጣ ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

“አልበላም።”

የሰናይት ፊት ጠቆረ።

“ብቻዬን አልበላም! ይሄ ልጅ ተርቦ እያየኝ በየት በኩል ይወርድልኛል? መግሪብ ይድረስ።”

“ኧረ አባባ፣ ለእርስዎ ይከብዳል” አለ ዓሊ ደንግጦ።

“ባቡር ስንጠብቅ ስንቱን ችለናል!”

እኔንማ ማን ጠየቀኝ? ሳንቡሳው አፍንጫዬ ሥር፣ ፀሐይዋ ደግሞ አልጠልቅ ብላ፣ ለጋሼ መጽደቅ እኔ ተንገበገብኩ።

አዛን ሲሰማ ዓሊ የመጀመሪያውን ቴምር ለጋሼ ሰጠ። ከእጁ ተቀብለው በሉ። ከዚያ ሁላችንም አንድ ትሪ ከበብን። ሰናይት እንባዋ ዝርግፍ አለ።

“ሾርባው ጨው በቅቶታል፣ ልጄ” አሉ ጋሼ፤ የእሳቸውም ዓይን ግን ደህና አልነበረም።

ማታ ሰናይት ቦርሳቸውን ስታነሳ ቋ! አለ። ከፍታ አየች።

“አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

ጉርሻው አነቀኝ።

“ሳህኔ ነዋ” አሉ ጋሼ። “ከዕቃሽ ጋር አስቀምጪው። ስመጣ የምበላበት ነው።”

የመልስ መንገድ

የሚመልሰንም ከድር ነው። ገዋኔ ጋ ግመል ገብቶበት ፍሬኑን ረገጠ፤ ከጋሼ ቦርሳ ድምፅ የለም። ዞር ብሎ አያቸው።

“ፋዘር፣ ወጥ ቤቱ የት ሄደ?”

“ልጄ ቤት ቀረ” አሉት።