ከደብተር የተሰፋ ኮት

በሰፈራችን የወላጆች ቀን ሲጀመር ስጦታ አልነበረበትም። የጀመሩት አንዲት የሂሳብ መምህርት ናቸው፤ «ቅዳሜ ከወላጆቻችሁ ጋር አንድ ሰዓት ተቀመጡ፤ ያወራችሁትን ሰኞ ትነግሩኛላችሁ» ብለው ተማሪዎቻቸውን አዘዙ። ዛሬ ሰዓቱ ቀርቶ ዕቃ ተተክቷል። ዕቃ መስጠት ይቀላልና።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ነው። ሜትር ከአንገቱ ስለማይለይ «ሜትሮ» እንለዋለን። ጥንቁቅ ነው፤ ይህን ስል ማሞገሴ አይደለም፣ ጥንቃቄ ሥራው ነው። የደንበኞቹን ልኬት ሁሉ በደብተር ይዟል። ጡረተኛ አናጢ የሆኑት አባቱ ግን፣ መጋዝ ትቶ መርፌ ከያዘ ወዲህ አኩርፈውታል፤ እሱም በኩርፊያው ተመቻችቶ ኖረ። የአባቱ ቤት ከእሱ ቤት በሁለት መንገድ ርቀት ላይ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ለመታረቅ ቆረጠ። የአባቱን ልኬት ከደብተሩ አውጥቶ ጥቁር ሰማያዊ ኮት ሰፋ፤ ገበሩን ሳይቀር በእጁ ጠቀመው። በወላጆች ቀንም ይዞላቸው ሄደ። በሩን የከፈተችው እህቱ ናት።

«ኧረ ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?»

«ተይ እንጂ! አባባ አሉ?»

አባት ኮቱን ተቀብለው ለበሱት። ትከሻው ወደ ክንዳቸው ወረደ፤ እጅጌው ጣቶቻቸውን ዋጠ።

«አባባ፣ ጠጋ ይበሉልኝ፤ እኔም እገባበታለሁ!» አለች እህት፣ ሳቋ አምልጧት።

ሜትሮ ክው አለ።

«ይህን ልክ ከየት አመጣኸው?» አሉ አባት።

«ከደብተሬ፣ አባባ። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ መጋዙን ሳልተው፣ ስፌት ስለማመድ የለካሁዎት ነው።»

«የድሮ ደንበኛ ሲመጣ እንደ አዲስ አትለኩም እንዴ?»

«እንለካለን።»

«እኔንስ?»

የሰውን ወገብ ሲለካ የሚውል ሰው የአባቱን መክሳት ከኮት መማሩ ያሳፍራል። አንገቱን ደፍቶ ኮቱን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። አባት ግን አውልቀው ወንበር ላይ ካኖሩት በኋላ ክንዳቸውን ወደ ጎን ዘርግተው ቆሙ።

«ምን ይገትርሃል? ለካኝ እንጂ!»

ትከሻ፣ ደረት፣ ክንድ፤ እሱ ይጠራል፣ እህት ትጽፋለች። መቆሙ ሲያደክማቸው አባት ተቀመጡና የኮቱን ስፌት በጥፍራቸው ፈተሹ።

«አይነቃነቅም» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ብዙ ነው።

«ለሙከራ ሦስት ጊዜ መምጣት ይኖርብኛል» አለ ሜትሮ።

አንድ ሙከራ እንደሚበቃ እኔ እንኳ አውቃለሁ። አባትም አላጡትም።

«አራት አድርገው» አሉ።