የተሸፈነው ቢርካ

ድሬዳዋ ያደገው ዲሪር፣ ሐርጌሳ ከተማ 26 ጁን በሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቶ ሰው አልባ አውሮፕላን ሲሠራ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ይሄ ሰውዬስ ለየለት» ይለው ነበር። ሞኞች! ሰውዬው ያማረው ለገጠር ክሊኒኮች መድኃኒት ማድረስ ነበር።

ችግሩ የሳተላይት ምልክት ነው፤ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል። ስለዚህ አውሮፕላኗ ፍጥነቷንና መታጠፏን በራሷ መሣሪያ እየለካች የት እንደደረሰች ታሰላለች። ግን ዓይኑን ጨፍኖ እንደሚሄድ ሰው ናት፤ ጥቂት ጥቂት እየሳተች ጭራሽ ሌላ አገር ትገባለች። ዲሪርም ካሜራ ገጠመላትና ቢርካዎቹን አስጠናት። ቢርካ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ገንዳ ነው፤ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ከላይ ሆና አንዱን ባየች ቁጥር ስህተቷን ታርማለች። ጉድ እኮ ነው!

አንድ ቀን ጠዋት ሩቅ መንደር ነርስ የሆነችው እህቱ ፈርዶውሳ ደወለች።

«ዲሪር፣ ልጄን፣ አያንን፣ እባብ ነደፋት! ማርከሻው አልቆብኛል። አቦ ድረስልኝ!»

መኪና ከማታ በፊት አይደርስም። ዲሪር ማርከሻውን ከመድኃኒት ቤት አምጥቶ ጫነና «ቢስሚላህ» ብሎ አውሮፕላኗን ለቀቃት። ከዚያ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ጠበቀ።

«የአውሮፕላኗ ድምፅ ይሰማኛል» አለች ፈርዶውሳ። ቆይታ ጮኸች፤ «በጋራው ማዶ አልፋ ሄደች! ወዴት ነው የምትሄደው?»

«ቢርካችሁን ካላየች መድኃኒቱን አትጥልም» አለና ክው አለ። «ፈርዶ፣ ቢርካው ክፍት ነው?»

«ምን ክፍት ይሆናል! ፀሐይ ውሃውን እንዳይጨርሰው በእሾህና በሸራ ሸፍኑት ያልከን አንተ አይደለህ? አገሩ ሁሉ ሸፍኗል።»

አዎ፣ እሱ ነው። በድርቁ አዝኖ የመከራቸው እሱ ራሱ ነው። የአውሮፕላኗን ዓይን በገዛ አፉ አጠፋው።

«ግለጪው! እየዞረች ትፈልጋለች፤ ግለጪው!»

ፈርዶውሳ ልጇን ትታ ሮጠች። እሾሁን በባዶ እጇ ስትጎትት፣ ስታቃስት ይሰማዋል። አላህን ለመነ፤ ግድግዳውን በቡጢ መታ። በስንት ጭንቅ የአውሮፕላኗ ድምፅ በስልኩ ውስጥ እየቀረበ መጣ።

«ጣለችው!» አለች። ሳጥኑን ይዛ ወደ ቤት ስትሮጥ ትንፋሿ ይሰማል። በሩን ከፈተች።

«ፈርዶ? ወጋሻት?»

«ኢናሊላሂ...» አለች። «አልጠበቀችኝም፣ ወንድሜ።»

ስልኩን ግን አልዘጋችም፤ እያለቀሰች ጠየቀችው።

«ቢርካውንስ ምን ላድርገው? ብሸፍነው አውሮፕላንህ ለሌላው ልጅ አትመጣም፤ ክፍት ብተወው ውሃው ያልቃል። ንገረኝ እንጂ፣ አንተ አይደለህ የምታውቀው?»